ማሰሪያው የት አለ? የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ፈታትቶ የማየት ዘዴ

አሥረኛ ክፍል እያለሁ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ብዬ ጽፌ ነጥብ አደረግሁ። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ከበቡበትና ከጎኑ በአማርኛ «እና ምን ሆነ?» ብለው ጻፉበት።

ተናደድኩ። ግሱ አለ፣ ባለቤቱም አለ፣ ታዲያ ምኑ ጎደለ? የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያንኑ ነገር በአማርኛ ስለው። «ስለዘነበ።» እዚህ ላይ ነጥብ የሚያደርግ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰሚው «እሺ፣ ስለዘነበ ምን?» ይላል። ለካ ሕጉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንግሊዝኛው ሌላ ልብስ አልብሶት ነው ያልለየሁት።

ፍሬዝ፣ ክሎዝ እና የዐረፍተ ነገር ዓይነቶች ብዙ ጊዜ በሽምደዳ ነው የሚያዙት። ትርጉሙን በቃሉ የሚያንበለብል ተማሪ የራሱን ኢሜይል ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። ስለዚህ እዚህ ትርጉም አንሸመድድም። ዐረፍተ ነገሩን እንደ አሮጌ ሬዲዮ ፈታትተን እናየዋለን።

እርሳስና የራሳችሁን አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያዙ። ማመልከቻም፣ ኢሜይልም፣ የክፍል ሥራም ይሆናል። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብላችሁ እንድታነቧቸው ነው። ፍሬዝን ሐረግ እላለሁ፣ ሁላችንም የምናውቀው ቃል ስለሆነ። ክሎዝን ግን ክሎዝ ብዬው እቀጥላለሁ።

ደረጃ 1፦ ማሰሪያውን ክበቡት

አማርኛ ሰዋስው ስንማር «ማሰሪያ አንቀጽ» የሚባል ነገር ነበር። ዐረፍተ ነገሩን አስሮ የሚጨርሰው ግስ ነው። በአማርኛ ቦታው መጨረሻ ላይ ስለሆነ አይጠፋም። እንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ ቀጥሎ መሀል ላይ ይወሽቀዋል። በዚያ ላይ ግስ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የማያስሩ ቃላት በዙሪያው ይርመሰመሳሉ።

ይህን ተመልከቱ፦ «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ኢዝ ማይ ብራዘር።» በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ወንድሜ ነው። «ስታንዲንግ» አለ፣ «ኢዝ» አለ። የሚያስረው የትኛው ነው?

ጊዜውን ቀይሩት። ነገሩን ወደ ትናንት ውሰዱት። «ዘ ማን ስታንዲንግ አት ዘ ዶር ዋዝ ማይ ብራዘር።» «ስታንዲንግ» ንቅንቅ አላለም። «ኢዝ» ግን «ዋዝ» ሆነ። ጊዜ ሲቀየር አብሮ የሚቀየረው፣ እሱ ነው ማሰሪያው።

«ቱ» የሚቀድማቸውም እንደ «ስታንዲንግ» ናቸው። «ሺ ዎንትስ ቱ ሄልፕ» ወደ ትናንት ሲሄድ «ሺ ዎንትድ ቱ ሄልፕ» ይሆናል። «ቱ ሄልፕ» ባለበት ነው። ስለዚህ አይከበብም።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ሺ ኢዝ ኩኪንግ» ላይ ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ክበቡ። ጊዜውን የተሸከመው «ኢዝ» ነው፣ ሥራውን የነገረን «ኩኪንግ»። «ኢዝ»ን ብታነሱት ማሰሪያው ይፈታል። «ሺ ኩኪንግ» ብሎ ዐረፍተ ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ለማሰሪያው ባለቤት ፈልጉለት

ባለቤቱን ስታገኙት ከሥሩ አስምሩበት። እዚህ ላይ አማርኛችን ያታልለናል። «መጣች» አንድ ቃል ናት፣ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም ናት። ባለቤቷ ግሱ ውስጥ ተቀምጣለች። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። «ኬም» ብቻውን ማን እንደመጣ አይናገርም፤ «ሺ ኬም» መባል አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ባለቤት ያለው የማይመስለው ነገር ነው። «ዘነበ» እንላለን። ማን ዘነበ? ማንም። እንግሊዝኛ ግን ወንበሩ ባዶ እንዲሆን ስለማይፈልግ «ኢት» የምትባል ቃል ያስቀምጥበታል፦ «ኢት ሬይንድ።» ለዚህ ነው «ኢዝ ቬሪ ሆት ቱዴይ» የሚል ጽሑፍ በየቦታው የምናየው። «በጣም ይሞቃል» ብሎ ያሰበ ሰው ነው የጻፈው። «ኢት ኢዝ ቬሪ ሆት» መሆን ነበረበት። «አለ» ስንል ደግሞ ብዙ ጊዜ «ዜር ኢዝ» ይመጣል።

«ራበኝ»ም ሌላ ጉድ ነው። በእኛ ረሃቡ ነው አድራጊው፣ እኔ ተደራጊ ነኝ። በእንግሊዝኛ «አይ አም ሃንግሪ» ስል ባለቤቱ እኔው ሆኜ ቁጭ እላለሁ። በረደኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀኝ… እነዚህን ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱ መጀመሪያ ባለቤቱን ወስኑ።

ባለቤት ሳይጠራ የሚያልፍበት አንድ ዋና ቦታ ትእዛዝ ነው። «ካም ሂር» ሲባል «ዩ» ተደብቃለች።

አሁን ለይታችሁ መናገር ትችላላችሁ። ባለቤትና ማሰሪያ ከተገናኙ ክሎዝ ነው። ካልተገናኙ፣ ሃያ ቃል ቢደረደርም ሐረግ ነው። «ዘ ባስ ሌፍት» ሦስት ቃል ነው፣ ክሎዝ ነው። «ኢን ዘ ስሞል ሀውስ ቢሃይንድ ዘ ኦልድ ቸርች» ስምንት ቃል ነው፣ ምንም አልሆነም፣ ማንም ምንም አላደረገም። ሐረግ ነው።

ሐረጎች ስማቸውን ከዋናው ቃል ይወስዳሉ። ዋናው ስም ከሆነ የስም ሐረግ፣ ግስ ከሆነ የግስ ሐረግ፣ እንደ «ኢን» እና «ቢሃይንድ» ባለ መስተዋድድ ከጀመረ የመስተዋድድ ሐረግ። የቅጽልና የተውሳከ ግስም አሉ። ፈተና ካላሰጋችሁ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

ደረጃ 3፦ መንጠቆውን ፈልጉ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህን አንብቡ።

አማርኛ አንድን ክሎዝ ጥገኛ ሊያደርገው ሲፈልግ ግሱን ራሱን ያጎብጠዋል። «ዘነበ» የነበረው «ስለዘነበ»፣ «ሲዘንብ»፣ «ከዘነበ»፣ «እስኪዘንብ»፣ «ካልዘነበ» ይሆናል። መንጠቆው ግሱ ላይ ተጣብቋል። ስለዚህ ጆሯችን ወዲያው «ገና አላለቀም» ይለናል።

እንግሊዝኛ ግሱን አይነካውም። «ኢት ሬይንድ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ጥገኛ ነው። «ሬይንድ» በሁለቱም ቦታ ያው «ሬይንድ» ነው። የተለወጠው ፊት ላይ የተሰካችው አንዲት ቃል ናት። ዓይናችን ግሱን አይቶ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። የእኔ የአሥረኛ ክፍል ስህተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክሎዝ ፊት መንጠቆ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ «ቢኮዝ» የእኛ «ስለ» ናት። «ዌን» የ«ሲዘንብ» «ሲ» ናት። «ኢፍ» የ«ከዘነበ» «ከ» ናት። «አንለስ» «ካል»፣ «አንቲል» «እስኪ»፣ «አልዞው» ደግሞ «ምንም እንኳ… ቢ» ናት። «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «ዋይል»፣ «ሲንስ» ጨምሩባቸው። መንጠቆ ያለበት ክሎዝ ብቻውን አይቆምም፤ የሚንጠለጠልበት ዋና ክሎዝ፣ ማለትም መንጠቆ የሌለበት ክሎዝ፣ ይፈልጋል።

ስትጠራጠሩ ወደ አማርኛ መልሱት። ስትመልሱት ግሱ ከጎበጠ ጥገኛ ነው።

«በቢኮዝ ዐረፍተ ነገር አይጀመርም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይጀመራል። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ስቴይድ ሆም» ምንም አልሆነም። ችግሩ መጀመሩ ላይ ሳይሆን ዋናውን ክሎዝ ሳይጠሩ ነጥብ ማድረጉ ላይ ነው። ጥገኛው ከቀደመ በመሀል ኮማ ይገባል። ከኋላ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያስፈልግም፦ «ዊ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ።»

መንጠቆ አንድ ይበቃል። «ምንም እንኳ ሀብታም ቢሆንም ደስተኛ ግን አይደለም» የሚለው ለጆሯችን ጥሩ አማርኛ ነው። ቃል በቃል ሲሻገር ግን «አልዞው ሂ ኢዝ ሪች፣ በት ሂ ኢዝ ኖት ሃፒ» ይሆናል፤ ይህ ስህተት ነው። ወይ «አልዞው»ን ያዙ፣ ወይ «በት»ን። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ ናቸው፤ አብረው አይኖሩም። ይህቺን ስህተት ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎችም ማመልከቻ ላይ አይቻለሁ። እኔም ራሴ ልኬአለሁ፣ ሥራውንም አላገኘሁም። በእሷ ምክንያት ነው ባልልም።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ አንዳንዶቹ ቃላት ሁለት ፊት ያላቸው መሆኑ ነው። «አፍተር ላንች» ሐረግ ነው፤ ከምሳ በኋላ። «አፍተር ዊ ኤት ላንች» ክሎዝ ነው፤ ምሳ ከበላን በኋላ። ቃሏ ያቺው ናት፣ የሚከተላት ነው የሚለየው። አንዳንዴ ግን እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠቀማል፣ ፈተና አውጪዎችም ይህን ይወዱታል። «ቢኮዝ» ክሎዝ ይፈልጋል፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ሐረግ፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ»፣ «ቢኮዝ ኦፍ ዘ ሬይን»። «ዋይል» ክሎዝ፣ «ዱሪንግ» ሐረግ። «አልዞው» ክሎዝ፣ «ዲስፓይት» ሐረግ። ባዶ ቦታውን ከመሙላታችሁ በፊት ከኋላው ማሰሪያ መኖሩን ተመልከቱ። አለ? ክሎዝ የሚፈልገውን ምረጡ።

ስለ «ኢፍ» ደግሞ አንድ ነገር። «ነገ ከዘነበ» በእንግሊዝኛ «ኢፍ ኢት ሬይንስ ቱሞሮው» ነው። ነገ ስለሆነ «ዊል» እንጨምር ማለት ያምራል፤ አትጨምሩ። ደግሞ እኛስ? ስለ ነገ እያወራን «ከዘነበ» ብለን ያለፈ ነገር አስመስለነው የለ?

ደረጃ 4፦ ጥገኛው ምን ይሠራል?

ጥገኛ ክሎዝ ሦስት ዓይነት ሥራ አለው። እስካሁን ያየነው መቼ፣ ለምን፣ በምን ሁኔታ የሚለውን የሚመልስ ነው። የተውሳከ ግስ ሥራ ነው። የቀሩት ሁለቱ የአማርኛ ተናጋሪን የሚጥሉ ናቸው።

የመጀመሪያው ስምን የሚገልጸው ነው። በእኛ ቤት «የ» ይዞ ከስሙ በፊት ይመጣል፦ «ትናንት ያገኘኋት ልጅ»። በእንግሊዝኛ ከስሙ በኋላ ነው የሚመጣው፦ «ዘ ገርል ዛት አይ ሜት የስተርዴይ»። መንጠቆዎቹ «ሁ»፣ «ዊች» እና «ዛት» ናቸው። «ያገኘኋት» ውስጥ «ኣት» አለች፤ «እሷን» ማለት ናት። ይህን ይዘን ስንሻገር «ዘ ገርል ዛት አይ ሜት ኸር» እንላለን። «ኸር» ትርፍ ናት፤ ሰርዟት። «ዘ ገርል» ቀድማ ተጠርታለች።

ኮማውም ትርጉም ይቀይራል። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ ኢዝ ኤ ድራይቨር» ያለ ኮማ ሲጻፍ ሌሎችም ወንድሞች አሉኝ፤ ዱባይ ያለውን ነው የምላችሁ። «ማይ ብራዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ፣ ኢዝ ኤ ድራይቨር» ሲባል ወንድሜ አንድ ነው፤ የሚኖርበትን በመንገዴ ነገርኳችሁ። ቪዛ ወይም የቤተሰብ ፎርም ላይ እንዲህ ያለ ነገር የምትጽፉ ከሆነ ኮማዋን በቁም ነገር ያዟት።

ሁለተኛው የስምን ቦታ የሚይዘው ነው። «አይ ኖው ዛት ሂ ላይድ።» ምን ታውቃለህ? እንደዋሸ። እዚህ ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ጥያቄ ሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ጥያቄነቱን ይተዋል። «ዌር ኢዝ ሂ?» ጥያቄ ነው። «አይ ዶንት ኖው» ሲቀድመው ግን ተራው ይስተካከላል፦ «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ።» ባለቤት መጀመሪያ፣ ማሰሪያ ቀጥሎ።

ሁለተኛ፣ የሰው ንግግር ስናወራ አማርኛችን የተናጋሪውን አፍ እንዳለ ይወስዳል፦ «እመጣለሁ አለኝ።» ማን ነው የሚመጣው? እሱ። «እመጣለሁ» የሚለው ግን «እኔ» ይላል። ይህ እንዳለ ሲሻገር «ሂ ቶልድ ሚ ዛት አይ ዊል ካም» ይሆናል፤ እንግሊዝኛ ሰሚው የምትመጣው አንተ ነህ ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ውድ ካም» በሉ።

ደረጃ 5፦ ክሎዞቹን ቆጥራችሁ ስም ስጡ

አሁን ወረቀታችሁ ላይ ክቦች አሉ፣ የተሰመሩ ባለቤቶች አሉ፣ መንጠቆዎች አሉ። የቀረው ቆጠራ ነው።

አንድ ዋና ክሎዝ ብቻ ካለ ተራ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዋና ክሎዞች፣ ጥገኛ ሳይኖር፣ ድርብ ነው። አንድ ዋና ከጥገኛ ጋር ከሆነ ውስብስብ ይባላል። ቢያንስ ሁለት ዋና እና ቢያንስ አንድ ጥገኛ ካሉት ድርብ ውስብስብ ነው።

ርዝመት አያሳስታችሁ። «ዘ ኦልድ ማን ዊዝ ዘ ብላክ አምብሬላ ስቱድ ኢን ዘ ሬይን ኒር ዘ ባስ ስቴሽን» ረጅም ነው፣ ግን ክብ የሚገባው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ስቱድ»። ተራ ነው። «አይ ኖው ሂ ላይድ» አራት ቃል ነው፣ ግን ውስብስብ ነው፤ «ዛት» ተውጣለች እንጂ አለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም ስታነቡ ይህ ይጠቅማችኋል። አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ካስፈራችሁ ማሰሪያውን ፈልጉና ሐረጎቹን ለጊዜው በእጃችሁ ሸፍኗቸው። አጥንቱ ይታያችኋል።

ሁለት ዋና ክሎዞችን የሚያጋቡ ሰባት ትናንሽ ቃላት አሉ፦ ፎር፣ አንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ። ከመጀመሪያ ፊደሎቻቸው «ፋንቦይስ» የሚል መያዣ ተሠርቶላቸዋል። ሲያጋቡ ከፊታቸው ኮማ ይቀመጣል፦ «ሺ ካልድ፣ በት ሂ ዲድ ኖት አንሰር።» «ሺ ኬም አንድ ሳት ዳውን» ግን ሁለት ግስ ቢኖረውም ባለቤቷ አንዲት ናት። ተራ ነው፣ ኮማም አይፈልግም።

ኮማ ብቻዋን ግን አታጋባም። የእኛ አጻጻፍ እዚህ ላይ ችግር ይፈጥራል። «ተነስቶ፣ ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ሄደ» ብንል ማንም አይቆጣንም፣ የሚያስረው የመጨረሻው «ሄደ» ስለሆነ። እንግሊዝኛ ላይ «ሂ ጎት አፕ፣ ሂ ዎሽድ፣ ሂ ሌፍት» ስንል ግን ሦስቱም ማሰሪያዎች ናቸው። ሦስት ሙሉ ሰዎችን በክር ማሰር ነው። ወይ ነጥብ አድርጉ፣ ወይ ከሰባቱ አንዱን አስገቡ፣ ወይ አንዱን በመንጠቆ ጥገኛ አድርጉት፣ ወይ ባለቤቱን አንዴ ብቻ ጥሩት፦ «ሂ ጎት አፕ፣ ዎሽድ አንድ ሌፍት።» «ሃውኤቨር»ም አጋቢ ትመስላለች፣ አይደለችም። ከፊቷ ነጥብ ወይም ሰሚኮለን (;) ትፈልጋለች።

በዓላማ መክፈልም አለ። መናገሪያ፣ መጠየቂያ፣ ማዘዣ፣ መደነቂያ። ይህኛው ቀላል ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ምልክት ግማሹን ይነግራችኋል። ሁለቱን አከፋፈሎች ግን አትቀላቅሉ። «ዌን ዊል ዘ ባስ ካም?» በዓላማው መጠየቂያ ነው፣ በአሠራሩ ተራ ነው። «ኩድ ዩ ክሎዝ ዘ ዶር?» ደግሞ በቅርጹ ጥያቄ ነው፤ «የስ» ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ጠያቂው ይቀየማችኋል።

ደረጃ 6፦ እጃችሁን ሞክሩ

እነዚህን አራቱን ወረቀት ላይ ገልብጡ፤ ክበቡ፣ አስምሩ፣ መንጠቆ ፈልጉ። መልሱን ቶሎ አትዩ።

1. «አፍተር ኤ ሎንግ ዴይ አት ዘ ማርኬት»
2. «ሂ ክሎዝድ ዘ ሾፕ አንድ ወንት ሆም»
3. «ዌን ዘ ላይት ወንት አውት፣ ዘ ችልድረን ላፍድ፣ በት ዘ ቤቢ ክራይድ»
4. «ዘ ዉማን ሁ ሴልስ ቶሜቶስ ኒር አወር ሀውስ»

የመጀመሪያው ማሰሪያ የለውም፤ ሐረግ ነው። ሁለተኛው ሁለት ግስ፣ አንድ ባለቤት፤ ተራ ነው። ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ የሆነ ነገር ነው፤ አንድ ጥገኛ፣ ሁለት ዋና፣ ስለዚህ ድርብ ውስብስብ።

አራተኛው ብዙ ሰው ይጥላል። ማሰሪያ አለው፣ «ሴልስ»። ጊዜውን ብትቀይሩት «ሶልድ» ይሆናል፣ ፈተናውን ያልፋል። ግን ከፊቱ «ሁ» ነጥቃዋለች። ወደ አማርኛ መልሱት፦ «ቤታችን አጠገብ ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ።» እና ምን ሆነች? «ኖውስ ኤቭሪዋን» ብላችሁ ጨምሩላት። ሰፈሩን ሁሉ ታውቃለች፤ ዐረፍተ ነገሩም አሁን ውስብስብ ሆነ።